የእትዬ አንጓችን ወፍጮ ዝም ያሰኘሁ ጊዜ

ጡረታ ወጥቻለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም መጀመሪያ ስለው ስቄያለሁ። ጢሙ ገና በወጉ ያልሞላ ሰው ጡረታ ወጣሁ ሲል ያስቃል። ግን እውነቴን ነው፣ ከሞተር ጥቅለላ ወጥቻለሁ። የተቃጠለ ሞተር መፍታት፣ የከሰለ ሽቦ መንቀል፣ አዲስ መዳብ መጠቅለል፣ ቫርኒሽ አጠጥቶ ማድረቅ፣ ከዚያ ባለቤቱ "መቼ ነው የሚደርስ?" እያለ ሲደውል "እየደረሰ ነው" ብሎ መዋሸት፣ ይኸ ሁሉ ቀረ።

አሁን የምሠራው ሌላ ነው። ሞተሩ ሳይቃጠል ቀድሜ እሄዳለሁ። መብራት በከንቱ የሚበላ ሞተር ካለ ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፣ የት እንደሚያፈስ አገኘዋለሁ፣ ከዚያ ያን ያህል ሥራ በትንሽ መብራት እንዲሠራ አደርገዋለሁ። ከአዘዞ እስከ ዛሪማ፣ በዚያም በኩል እስከ አይከል፣ "ያ ሞተር የሚያስጾመው ልጅ" ብላችሁ ጠይቁ። ስሜን ባያውቁት እንኳ ሥራዬን ያውቁታል። ሞተሮቹ ራሳቸው አፍ ቢኖራቸው ይመሰክሩልኝ ነበር።

ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመ። እኔ አልወደቅሁም፤ ትምህርት ቤቱ ነው እኔን ማሳለፍ ያቃተው። ስለዚህ ስለ ሥራ ዘመንህ ጻፍ ያለኝ ማንም የለም፤ ራሴ ነኝ ራሴን ያዘዝሁት። ለምን ብትሉ፣ ከጥቅለላ ያወጣኝ ወፍጮ ታሪክ በየሚኒባሱ እየተዛባ ይወራል። አንዳንዱ ወፍጮውን አቃጥሎት ነው ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከበሮ አሠርቶለት ነው ይላል። ሁለተኛው ትንሽ እውነት አለው።

ሥራ የጀመርሁት አዘዞ ነው፣ አያ ታረቀኝ ጋ። አያ ታረቀኝ ሚኒባሶቹ ከሚዞሩበት ወረድ ብሎ ባለች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሞተር የሚጠቀልል ሰው ነው። ብረት ሥራ የለመደ ልጅ ሳለ ነው፣ ጎረቤታቸው ከነበሩ ቤተ እስራኤል አንጥረኛ። ሰውየው ከነቤተሰባቸው ወደ እስራኤል ሲሄዱ ብረት የሚቀጠቅጡበትን መስፍ ለእሱ ትተውለት ሄዱ። እስከ ዛሬ ከበሩ ጥግ አለ። ማንም ሰው አይቀመጥበትም፤ እኔ አንድ ቀን ተቀምጬበት ጠዋቱን ሙሉ ቆሜ ሠራሁ።

አያ ታረቀኝ ሞተር ሲመጣለት እንደ ሌላው ሰው ካቻቢቴ አያነሣም። መጀመሪያ ባለቤቱን ያስቀምጠዋል። "ምን ሲሠራ ነው የሞተ?" ይለዋል፣ ልክ ለቅሶ እንደ መጣ ሰው። ከመሞቱ በፊት ይሞቅ ነበር ወይ? ሲነሣ ያንገራግራል ወይ? ማን ነው የሚያስነሣው? ከዚያ ዘንጉን በእጁ ያዞረዋል፣ ያሸተዋል። የሚሠራ ሞተር ከሆነ ደግሞ የእጁን ጀርባ ያስጠጋለታል፤ መዳፉን አያስነካም፣ መብራት ካለበት መዳፍ ጨብጦ ይቀራል። ከዚያ የካቻቢቴውን እጀታ ጆሮው ላይ፣ ጫፉን ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ያስነጠሰ ሰው ከሥራ ይባረራል። እኔ ሁለቴ ተባርሬያለሁ።

"ስማኝ" ይለኛል ሲጨርስ። "ሞተር ሥራው ማዞር ብቻ ነው። ከሞቀ፣ መብራቱ ወደ ሙቀት ሸሽቷል። ከጮኸ፣ መብራቱ ወደ ጩኸት ሸሽቷል። አንተ የምትይዘው ሽሽቱን ነው።"

እሳት ደግሞ አይወድም። ሌሎቹ ሞተር ጠቅላዮች የተቃጠለውን ሽቦ ለማውጣት ሞተሩን በነዳጅ አርሰው ያነዱታል፤ ሽቦው በአንድ አፍታ ይለቃል። አያ ታረቀኝ ግን ጫፉን ይቆርጥና በትንሽ ሙቀት አለስልሶ በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ይስባል። እኔ ትዕግሥት የት አውቃለሁ፤

"አያ፣ ብንለበልበው እኮ ቶሎ ይለቃል" አልሁት።

"አንተንስ ብንለበልብህ ምን ትለቃለህ?" አለኝ። ከዚያ ግን አሳየኝ። የሞተር ሆድ አንድ ወጥ ብረት አይደለም፤ ስስ ስስ ቆርቆሮ ነው እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደራረበ፣ በየመካከሉም ቀለም አለ። እሳት ከበዛበት ቀለሙ ያልቃል፣ ገጾቹ ይነካካሉ፣ መብራቱም ሥራውን ትቶ እዚያው ብረቱ ውስጥ ይዞራል። ከውጭ ስታየው ሞተሩ ሸጋ ነው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ እየሞቀ፣ ያለ ሥራ እየበላ ይኖራል። እንደዚህ ያለ ሰውም አውቃለሁ፣ ስም አልጠራም።

እንዲህ እያለ የመጀመሪያው ጉድ የመጣ ከአንድ የኑግ ዘይት መጭመቂያ ነው፣ እዚያው አዘዞ። ሞተሩ በየጊዜው ተቃጥሎ ይመጣል። የመጭመቂያው ጌታ "መዳባችሁ የማይረባ ነው" ብሎ ተቆጣ። አያ ታረቀኝ እኔን ላከኝ። "ቁጭ ብለህ እየው፣ ምንም ነገር እንዳትነካ" አለኝ። ለእኔ ምንም አለመንካት ከባድ ቅጣት ነው። ግን አየሁ። የሞተሩ ፑሌጃ፣ ማለት ቺንጋ የሚባለው ጎማ የሚዞርበት ጎድጓዳ ብረት፣ ከመጭመቂያው ፑሌጃ ጋር አልተያየም፤ አንዱ ወደ ጎንደር ያያል፣ ሌላው ወደ አይከል። ቺንጋው እየተጣመመ ነው የሚዞር። ሲባጎ ወጥሬ አስተካከልሁት። ሞተሩ ወዲያው ትንፋሹ ቀለለ፤ እጄን ባስጠጋ ከቅድሙ ቀዝቅዟል። ደስታዬን አልነግራችሁም። መንገዱን በሙሉ እየሮጥሁ ነው የተመለስሁት፣ ሚኒባስ እያለ።

"አያ፣ እንግዲህ አይመለስም" አልሁት።

"ሸጋ" አለ። "ካልተመለሰ እንግዲህ ምን ልንበላ ነው?" ብሎ ሳቀ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣ "ሂድ" የሚባለው እኔ ሆንሁ።

ሄድሁ። አይከል ሄጄ ያለ ሥራ ቀኑን ሙሉ የሚዞር የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ሞተር መቼ እንደሚጠፋ አስተማርሁ፤ ያስተማርሁት ሞተሩን ሳይሆን ባለቤቱን ነው። ዛሪማ ወርጄ በሽንኩርት ማሳ ላይ ውኃ የሚስብ ፓምፕ አየሁ። ቧንቧው ቀጭን፣ እንደ እባብ የተጠማዘዘ፤ ሞተሩ ውኃውን ሳይሆን የቧንቧውን ክርን ነው የሚገፋ። ሰፊና ቀጥ ያለ ቧንቧ አስገባንበት፣ ውኃው ከትልሙ አልፎ መንገድ ላይ ወጣ። ገበሬዎቹ ሸንኮራ አሸከሙኝ። ያኔ ነው ትንሽ ልቤ ያበጠ። ትንሽ እንኳ አይደለም።

እንዲህ ልቤ አብጦ ሳለ ነው እትዬ አንጓች የመጣች።

እትዬ አንጓች ከዳባት አለፍ ብሎ ካለች የገደል አፍ ከተማ ናት። ባሏ ሲሞት የቀረላት አንድ የመብራት ወፍጮ ነው፤ ልጆቿን የምታስተምር በእሱ ነው። ሌላ ምንም የላትም፣ ከአፏ በቀር። ገና ስትገባ አያ ታረቀኝን ሰላም ብላ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣

"ሊቁ ይኸ ነው? ቁመት አልሰጠውም" አለች።

"ቁመቴን ሞተር ላይ ጨረስሁት" አልኋት። ተግባባን።

ችግሯ ይህ ነው። ወፍጮዋ ሲነሣ ከተማው በሙሉ መብራቱ ይደክማል፤ የጤና ጣቢያው የክትባት ፍሪጅም ይጠፋል። ትራንስፎርመሩ አንድና ትንሽ ነው። ሕይወት የምትባል የመብራት ኃይል ቴክኒሻን መጥታ ለክታ፣ "እስከ ጥምቀት ካልተስተካከለ የወፍጮውን መስመር እቆርጣለሁ፣ በፍሪጁ ውስጥ ያለው የልጆች መድኃኒት ነው" ብላታለች። ልጅቱ ክፋት የላትም፤ ትክክል ናት። ግን መስመሩ ከተቆረጠ እትዬ አንጓች አለቀላት።

"አድነኝ" አለችኝ። ቀልዱ ሁሉ ካፏ ጠፍቶ ነበር።

"በእኔ ይሁንብሽ" አልኋት። አያ ታረቀኝ ዘወር ብሎ አየኝ። ሴትዮዋን አስቀምጦ ሊጠይቃት ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ካቻቢቴዬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ተነሥቻለሁ።

ወፍጮ ቤቷን ገና ከመኪና ሳልወርድ ሰማሁት። ያለቅሳል። ቺንጋው ላልቶ ፑሌጃው ላይ ይንሸራተታል፣ በተንሸራተተ ቁጥር እንደሚታረድ ፍየል ይጮኻል። ኩሽኔታው ያለ ቅባት ደርቋል። ሞተሩማ ምኑ ይወራል፤ ባሏ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአንድ ከፈረሰ ፋብሪካ የገዛው ዝሆን የሚያህል ሞተር ነው። ትልቅ ሞተር መያዝ በዚያ አገር ማዕረግ ነው። ወፍጮዋ የምትፈልገው የግማሹን ጉልበት ነው። ያ ዝሆን ደግሞ ስንት ጊዜ በእሳት እንደተለበለበ የሚያውቅ የለም፤ ባዶውን ሲዞር እንኳ እጅ አያስጠጋም።

ሕይወት እዚያው ነበረች፣ ሽቦውን ጨብጦ መብራቱን የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ይዛ። ጎንደር ተወልዳ ያደገች፣ እናቷም አባቷም ሐኪም ቤት የሚሠሩ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰች ልጅ ናት።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችኝ።

"ዝሆኑን አስወጥቼ በሬ አስገባለሁ" አልኋት።

"በሬውንም ቢሆን አነሣሡን ካልያዝኸው ይዘላል። ስታር ዴልታ አስገባበት። ካፓሲተርም ያስፈልገዋል።"

ስታር ዴልታ ማለት ሞተሩን መጀመሪያ በርጋታ አስነሥቶ ኋላ ሙሉ ጉልበት የሚሰጠው ማብሪያ ነው፤ እሱን አውቃለሁ። ካፓሲተሩን ግን በትክክል የገባኝ ያን ቀን ነው። ሕይወት መሬት ላይ በጣቷ ሥላ አሳየችኝ። ሞተር ከሚሠራበት መብራት ሌላ፣ ወስዶ ሳይሠራበት የሚመልሰው አለ፤ መስመሩ በዚያ ምልልስ ይጨናነቃል። ካፓሲተሩን አጠገቡ ስታስቀምጥለት ምልልሱ እዚያው በቤቱ ያልቃል፣ ወደ ከተማ አይወጣም። እኔም "ይህንንማ አውቀዋለሁ" አልኋት። "እስቲ መልሰህ ንገረኝ" አለች። ነገርኋት፤ አንዷን ነገር ብቻ ነው የሳትሁ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ሥራ ብታዩት። ከአያ ታረቀኝ መደርደሪያ እሳት ያልነካው፣ ልክ በልክ የሆነ ሞተር አመጣሁ፤ በዋጋው ከእትዬ አንጓች ጋር ተስማማን፣ አለፈ። መሠረቱን ቆፍሬ አስተካከልሁ። ፑሌጃዎቹን በሲባጎ አስተያየኋቸው፣ ቺንጋውን ወጠርሁ፣ ኩሽኔታዎቹን ቀየርሁ። የወፍጮው ድንጋይ ፊቱ ተበልቶ ልሙጥ ሆኖ ነበር፤ እህሉን ከመፍጨት ያሸዋል፣ ሲያሽ ደግሞ ሞተሩን ይጎትታል። አስወቀርሁት። ያስነሣነው ቀን ሕይወት ሜትሯን ይዛ መስመሩ ላይ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ፍሪጁ አጠገብ በስልክ። ማብሪያውን ጫንሁ። ሞተሩ "ሽሽሽ" አለ፣ በቃ። አምፖሉ ዓይኑን አላርገበገበም። ነርሷ "አስነሡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?" አለች በስልኩ።

"ተነሥቷል" አለቻት ሕይወት። ቁጥሩን አየች፣ ደግማ አየች። "ከግማሽ በታች ወረደ። ሸጋ ነው። መስመሩ አይቆረጥም።"

እትዬ አንጓች ዶሮ አረደች። እኔ ደግሞ ለማንም ለሚሰማኝ ሁሉ ስናገር ዋልሁ። ዱቄቱ የላመ፣ ሞተሩ የቀዘቀዘ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው በሹክሹክታ የሚነጋገርበት ወፍጮ፤ እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ደጋ ታይቶ አይታወቅም። ዝሆኑን በጆንያ ሸፍነን ጥግ አስቀመጥነውና እየዘፈንሁ ወረድሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

"ና አሮጌዬን መልስልኝ" አለች እትዬ አንጓች፣ ሰላምም አላለችኝ።

"ምነው እትዬ፣ ተቃጠለ እንዴ?"

"ምን ይቃጠላል፣ እንደ መነኩሴ ተቀምጧል።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"የሚያስፈጭ የለም። ሰው ጠፋ። ወፍጮዬን ምን አድርገህብኝ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።"

በማግሥቱ ወጣሁ። እውነትም ሰው የለም። ወትሮ አህያ በአህያ የሚሆነው ደጅ ተጠርጎ ተቀምጧል። ሞተሩን አየሁ፣ ድንጋዩን አየሁ፣ ዱቄቱን በጣቴ አሸሁ፤ ሁሉም ሸጋ ነው። በሥራዬ ላይ ስሕተት ፈልጌ በማጣቴ ያዘንሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እትዬ አንጓች በዝሆኑ ላይ ገመድ አስራለታለች። ወንዶች ጠርታ ወደ ቦታው ልታስመልሰው ነው።

"እትዬ፣ እሱ ከተመለሰ ፍሪጁ ይጠፋል፣ ሕይወት ትቆርጥብሻለች።"

"ተቆርጦም ባዶ፣ ሳይቆረጥም ባዶ። በባሌ ሞተር ባዶ ልሁን።"

"እስከ ቅዳሜ ገበያ ጠብቂኝ።"

"እስከ ቅዳሜ" አለች። ገመዱን ግን አልፈታችውም።

መጀመሪያ የጠረጠርሁት አያ ደሴን ነው። አያ ደሴ ከገደሉ ማዶ የናፍጣ ወፍጮ ያለው ሰው ነው። የጢስ ማውጫው አፍ ላይ ጣሳ ደፍቶበታል፤ ሞተሩ በተነፈሰ ቁጥር ጣሳው "ኩክ፣ ኩክ፣ ኩክ" እያለ ሸለቆውን ያዳርሰዋል። ስም አጥፍቶባት ነው ብዬ ተቆጥቼ ተሻገርሁ። ደጁ ሰው በሰው ነው። ስደርስ አያ ደሴ ዱቄት የነካውን ቅንድቡን ጠረገና፣

"አንተ ነህ የአንጓችን ወፍጮ የገደልህ?" አለኝ።

"አልገደልሁም። ይሠራል። እንደ እሱ ያለ ወፍጮ በዚህ አገር የለም።"

"ይሠራል? ማን ሰምቶት?"

ተሰልፈው የነበሩት ሴቶች ሳቁ። አንዷ "መብራት ጠፍቶ አይደል እንዴ?" አለች። ሌላዋ "እኛማ ያ ልቅሶው ሲቀር፣ መብራቱ ሄደ ብለን ነው ወደዚህ የመጣን" አለች።

ጆንያ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያ አገር መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚያስፈጨው ሰው ያለው ከገደሉ ወዲያና ወዲህ፣ መብራት በሌለበት ነው፤ ወፍጮ ቤቱ ከሸንተረሩ ጀርባ ስለሆነ አይታይም። ስልክ የለም ወይ ብትሉኝ፣ ኔትወርክ ከከተማው ወጥቶ ገደሉ ውስጥ አይደርስም። ስለዚህ አንዲት ሴት እህሏን ጭና ያን ገደል ከመውረዷ በፊት ጆሮዋን ትጥላለች። ወፍጮው ካለቀሰ መብራት አለ፤ ዝም ካለ የለም። እኔ ያጠፋሁት ብክነቱን ብቻ አልነበረም፤ የእትዬ አንጓችን ምልክትም ጭምር ነው።

ወደ ከተማው ተመልሼ ለአያ ታረቀኝ ደወልሁ።

"አያ፣ ጩኸት የሸሸ መብራት ነው ብለህ አልነበረም?"

ስነግረው ስልኩ ውስጥ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ "ብያለሁ፣ አሁንም እላለሁ" አለ። "ሴትዮዋን ግን ከመጀመርህ በፊት ምን ትፈልጊያለሽ ብለሃታል?"

"መብራት እንዲቀንስላት።"

"እሱን የምትፈልግ ቴክኒሻኗ ናት። ሴትዮዋስ?"

ስልኩን ዘግቼ ወደ እትዬ አንጓች ተነሣሁ።

እንግዲህ ቅዳሜ እየመጣ ነው። መጀመሪያ የአሮጌውን ወፍጮ ልቅሶ ከእትዬ አንጓች ልጅ ስልክ ላይ አገኘሁና በድምፅ ማጉያ ላሰማ አልሁ። እትዬ አንጓች "ወፍጮዬ በቴፕ ልታለቅስ ነው? የሞተች አስመሰልሃት እኮ" ብላ ከለከለች። ቀጥዬ የመኪና ጎማ ብረት ሰቅዬ ደበደብሁ፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች ዕረፍት የተደወለ መስሏቸው በሙሉ ተነቅለው ወጡ። ርዕሰ መምህሩ ራሱ መጥቶ ብረቱን አወረደው። ሲያቅተኝ ሕይወትን፣

"ቺንጋውን ትንሽ ብቻ ላላው?" አልኋት።

"ትንሽ ብለህ ትጀምርና ፍሪጁ ላይ ትደርሳለህ" አለች። ከዚያ ቆም ብላ አሰበች። "ድምፅ ራሱ እኮ ብዙ መብራት አይበላም። በልቅሶው ጊዜ የበላው ሙቀቱ ነው፣ እየተንሸራተተ የሚበላው ቺንጋ ነው። ድምፅ ካስፈለገህ ድምፁን ለብቻው ሥራው።"

ይህን እኔ ልለው ነበር፤ ቀደመችኝ እንጂ። የቀረው ግን የእኔ ነው፣ ይህን ማንም አይወስድብኝም።

አንድ የሞተ ሳይክል የኋላ ቸርኬ አገኘሁ፣ ጎማ የሌለው። ከወፍጮው ዘንግ ቀጭን ገመድ ስቤ ቸርኬው ላይ አዞርሁት። ዘንጉ ቀጭን፣ ቸርኬው ሰፊ ስለሆነ ዘንጉ ሲበር ቸርኬው ቀስ ብሎ ነው የሚዞር። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ብሎን አሰርሁ። ብሎኑ በዞረ ቁጥር የወይራ መዶሻ ጅራት ወደ ታች እየገፋ ራሱን ያነሣል፣ ሲለቀው መዶሻው በራሱ ክብደት ይወድቃል። የሚወድቅበት ባዶ በርሜል ነው፤ ቂጡ ወደ መዶሻው፣ አፉ ወደ ገደሉ። ጉልበት የሚበላ መዶሻውን ማንሣቱ ብቻ ነው፤ ድምፁን የሚያወጣው መውደቁ ነው፣ መውደቅ ደግሞ ነጻ ነው።

"ዱም" አለ። ቆየና "ዱም" አለ።

እትዬ አንጓች ግንባሯን ቋጠረች። "ይኸ ከበሮ ነው። ጥምቀት እየመጣ ካህናቱን ልታጣላኝ ነው?"

እውነቷን ነው። ሌላ ብሎን ከመጀመሪያው አጠገብ ጨመርሁ። አሁን "ዱዱም" ይላል፣ ረጅም ዝም ይላል፣ ደግሞ "ዱዱም"፤ እንደሚያነክስ ሰው። እንዲህ የሚመታ ከበሮ የለም፣ እንዲህ የሚደወል ደወልም የለም። ወፍጮው ሲቆም ዝም ይላል፣ መብራት ሲሄድም ዝም ይላል፤ መዋሸት አይችልም። ሕይወት ሜትሯን መስመሩ ላይ አድርጋ ገመዱን አስፈታችኝ፣ መልሼ እንዳስረው አደረገች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

"አይታይም" አለች። "ሜትሬ እንኳ አያየውም።" ከዚያ ሳቅ አለችና "ሊቁ" አለችኝ። እንደ እትዬ አንጓች በሹፈት ያለችው አልመሰለኝም፤ ቢሆንም እኔ በደግ ነው የወሰድሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እትዬ አንጓች የዝሆኑን ገመድ ይዛ በር ላይ ቆማለች፣ ወንዶቹም መጥተዋል። "ማዶ ሆኜ ልስማው" ብያት ወረድሁ፣ ወጣሁ። ከማዶ ሸንተረር ላይ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ነፋሱ ከወደ ሰሜን ተራሮች ነው የሚመጣ፣ ጆሮ ይቆርጣል። ከታች የአያ ደሴ ጣሳ "ኩክ ኩክ" ይላል። ሌላ ምንም አይሰማኝም። የልቤ ምት ብቻ፤ እሱን ደግሞ በርሜሉ መስሎኝ ሁለቴ ተደስቼ ነበር።

በመንገዱ አንዲት ሴት ጤፍ የጫነ አህያ እየነዳች መጣች፣ ወደ አያ ደሴ። አጠገቤ ስትደርስ ነፋሱ ዞር አለ።

"ዱዱም።"

አህያው ጆሮውን አነሣ። ሴትዮዋ ቆመች።

"ምንድን ነው የሚመታው?" አለችኝ።

"ወፍጮ ነው።"

"የማን?"

"የእትዬ አንጓች።"

"የእሷማ ያለቅስ ነበር።"

"አሁን ተጽናንቷል" አልኋት።

አልሳቀችም። ራሷን ወደ ገደሉ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። "ዱዱም።" ዝምታ። "ዱዱም።"

"መብራት አለ ማለት ነዋ?"

"እስከተመታ ድረስ አለ። ሲጠፋ ዝም ይላል።"

"አንተ በምን አወቅህ?"

እዚህ ላይ እንግዲህ ብዙ የምናገረው ነበረኝ። ስለ ስታር ዴልታው፣ ስለ ቸርኬው፣ ስለ አያ ታረቀኝ፣ በተለይ ስለ ራሴ። አፌን ከፈትሁ። እሷ ግን አህያውን በጆሮው ይዛ ከአያ ደሴ መንገድ ላይ ዞር አድርጋዋለች፣ ቁልቁል ወደ እትዬ አንጓች።

"ዱቄቱ ካልላመ አንተን ነው የምፈልግህ፣ መልክህን ይዣለሁ" አለችኝ ሳትዞር።

ቁልቁለቱ ላይ ጭነቱ ወደ ግራ አዘነበለ። ሮጬ ደረስሁና ጆንያውን ከጎን በትከሻዬ ደግፌ አብሬያት ወረድሁ።